ገጸ ከልባትና የልጆች ፊልም፦ አስፈሪው ወዳጅ የሚሆንበት መንገድ

አስፈሪ መልክና ክፉ ባሕርይ በእርግጥ የተጣመሩ ናቸው ወይስ ያጣመራቸው የሰው ፍርሃት ነው የሚለው ጥያቄ በሃይማኖት ሊቃውንትም በፈላስፎችም ዘንድ ረጅም ዕድሜ ያለው ነው፤ በዚህ ዘመን ግን ጥያቄውን አዘውትረው የሚያነሡት ለልጆችና ለቤተሰብ የሚሠሩ የአኒሜሽን ፊልሞች፣ ማለትም በሚንቀሳቀስ ሥዕል የሚተረኩ ፊልሞች፣ ሆነዋል። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ጭራቁ ጸጉራም፣ ባለ ቀንድ፣ ባለ አንድ ዓይን ወይም ባለ ሹል ጥርስ ሆኖ ሳለ ልቡ ሩኅሩኅ ነው፤ ያስቃል፣ ያፍራል፣ ይደነግጣል፣ ልጅም ይወዳል። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በገላን ኮንዶሚኒየም ሳሎን ተቀምጦ እነዚህን ፊልሞች የሚያይ ልጅ፣ አያቱ በልጅነቷ ስለ ጭራቅ ከሰማችው ፈጽሞ የተለየ ነገር እየተማረ ያድጋል፤ በአማርኛ ተረት ጭራቅ ሰው መስሎ ሰውን፣ ይልቁንም ልጅን፣ የሚበላ ፍጥረት ነውና። ከሁለቱ ትምህርቶች እውነቱን የያዘው የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ጥያቄው የልጆች መዝናኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚፈራውን ነገር እንዴት አድርጎ ሊወድ እንደሚችል የሚመለከት የሥነ ምግባርና የእምነት ጥያቄ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ፊልሞቹ የያዙት እውነት ትክክል ሆኖ ሳለ ጎዶሎ እንደሆነ፣ የጎደለውም ክፍል በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትና ሥዕሎች ውስጥ ተቀምጦ እንደሚገኝ ማሳየት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የፒክሳር ሥራ «ሞንስተርስ ኢንክ» የሚተርከው የመብራት ኃይሏን ከልጆች ጩኸት ስለምታገኝ የጭራቆች ከተማ ነው። ጭራቆቹ ልጅ ማስፈራራትን እንደ ማንኛውም የፋብሪካ ሥራ በፈረቃ ይሠሩታል፤ ራሳቸው ግን ልጅ ከነካቸው እንደሚመረዙ አምነው ይንቀጠቀጣሉ፤ አንዲት ሕፃን ሳይታሰብ ወደ ከተማቸው በገባች ጊዜ ፍርሃቱ በሁለቱም ወገን ከንቱ እንደነበረ ይገለጣል፣ የልጅ ሳቅም ከጩኸት ዐሥር እጥፍ የሚበልጥ ኃይል እንደሚያመነጭ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «ሆቴል ትራንሲልቫኒያ» ደግሞ በአውሮፓውያን ተረት ደም መጣጭ የተባለውን ድራኩላን ለልጁ የሚሳሳ አባት አድርጎ ያቀርበዋል፤ ሆቴሉን የሠራው ጭራቆችን ከሰዎች ለመሸሸግ ነው፣ ሚስቱን የገደሉበት ሰዎች ናቸውና። ሁለቱም ፊልሞች የቆሙበት መሠረት አንድ ነው፦ ፍርሃት የሚመነጨው ካለማወቅ ነው፤ ማወቅ ሲመጣ ፍርሃት ይሄዳል፤ ጭራቁም ከመጀመሪያው ጀምሮ ንጹሕ እንደነበረ ይታያል። በሁለተኛው ፊልም ውስጥ እውነተኛ ግድያ ቢኖርም እንኳ በደሉ በሰዎች በኩል ተደርጎ የተቀመጠው፣ ጭራቁ ንጹሕ ሆኖ እንዲቀር ስለተፈለገ ነው።

ይህ ትምህርት የማይናቅ ብቻ ሳይሆን በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ቀደም ብሎ ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ብዙ ሰው ከመከራ ያድን የነበረ ነው። ቡዳ የሚባለው እምነት፣ ማለትም አንዳንድ ሰዎች በዓይናቸው ሌላውን ይበላሉ፣ ሌሊትም ወደ ጅብነት ይለወጣሉ የሚለው እምነት፣ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ይበልጡን የተለጠፈው በእጅ ባለሙያዎች ላይ ነበር፤ ብረት በሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ በሚሠራው፣ ቆዳ በሚፍቀው ላይ፣ ከእነዚህም ሙያዎች ጋር ስማቸው በተያያዘው በቤተ እስራኤል ላይ። ሸማኔውም ከንቀቱ አላመለጠም። ማረሻ የሚሠራለትን ሰው ገበሬው ይፈራው ነበር፤ ምጣዱን ከምትሠራለት ሴት ጋር ማዕድ አይቆርስም ነበር፤ ጋብቻማ የማይታሰብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ባለሙያን በሙያው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማወጃቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር ያሳያል። በዚህ ጉዳይ ጭራቅ የሚባል ፍጥረት ከቶ አልነበረም፤ የነበረው ሰው ነው፣ የጅብ መልክ የሰጠውም የጎረቤቱ ፍርሃት ነው። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በላተኛው ሰበብ እንደሚፈልግ ይናገራል፤ በቡዳ ነገር ግን ሰበብ ፈላጊው ጅብ የተባለው ሰው ሳይሆን ጅብ ያለው ሰው ነበር።

አቃቂ ቃሊቲ ይህን ለማሰላሰል የሚመች ቦታ ነው። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ አካባቢው የፋብሪካ ሠፈር በመሆኑ፣ የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ፣ የቃሊቲ ብረታ ብረትና የአቃቂ መለዋወጫ ፋብሪካ የመሳሰሉት ስሞች የብዙ ቤተሰብ የእንጀራ ስም ሆነዋል። ይህ ማለት በጥንቱ ኅብረተሰብ ዘንድ ሽመናና ቅጥቀጣ ተብለው የተናቁት ሙያዎች በዚህ ቦታ ደመወዝና ጡረታ ያላቸው፣ ልጅ የሚያስተምሩ፣ ሰው የሚኮራባቸው ሥራዎች ሆነዋል ማለት ነው። ብረት አቅልጦ የሚያፈሰውን የዛሬውን ሠራተኛ ሌሊት ጅብ ይሆናል ብሎ የሚሸሸው ባልደረባ የለውም። በየመንደሩ የቡዳ ወሬ ፈጽሞ ጠፍቷል ማለት ግን አይቻልም፤ ቢሆንም አብሮ መሥራትና አብሮ መብላት ፍርሃትን እንደሚሽር ለማየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልግም። እስከዚህ ድረስ የፊልሞቹ ሐሳብ ትክክል ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ጭራቅ የተባለው ነገር በእውነት የሚናከስ ሲሆን ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻዎች ሁሉ ሌሊት ጅብ ይጮኻል፤ ጅብም በአማርኛ ተረት «አያ» የተባለ፣ እንደ ታላቅ ወንድም በማዕረግ የተጠራ አውሬ ሆኖ ሳለ መንጋጋው አጥንት የሚሰብር እውነተኛ መንጋጋ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከብት ስለማይታረድና ጅቦች የሚለቃቅሙት ትርፍራፊ ስለሚቀንስ፣ በዚያ ወቅት አህያ ወደ ማደን እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። ሰው ለነፍሱ ብሎ በያዘው ጾም የአውሬው ማዕድ ባዶ ይሆናል፤ አውሬውም የሚበላውን ፍለጋ ወደ ሰው ንብረት ይመጣል። በዚህ ውስጥ ጥፋት አለ፣ ጥፋተኛ ግን የለም፤ ጅቡ ክፋት አላሰበም፣ አህያውን ያጣው ገበሬ ፍርሃትም ካለማወቅ የመጣ አይደለም። ሐረር ለዚህ የሰጠችው መልስ በዓለም የታወቀ ነው፤ ጅቡን በየሌሊቱ ማብላት፣ በዐሹራ ቀንም፣ ማለትም በሙሐረም 10ኛው ቀን፣ ገንፎ አቅርቦ መጋበዝ። የሐረር ሰው ጅቡ የማይናከስ እንደሆነ ራሱን አላሳመነም፤ የሚናከሰውን አውቆ ከእርሱ ጋር ውል የገባ ያህል ይኖራል።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት አስፈሪውን ፍጥረት ከሥነ ፍጥረት ውጭ አያደርገውም። መጽሐፈ ኩፋሌ፣ በኢትዮጵያ ቀኖና ውስጥ የሚቆጠረው ይህ መጽሐፍ፣ በሁለተኛው ምዕራፉ የስድስቱን ቀናት ሥራ ሲዘረዝር፣ በአምስተኛው ቀን ከሥጋ ለባሽ ሁሉ አስቀድሞ በእግዚአብሔር እጅ የተሠሩት ታላላቆቹ የባሕር አውሬዎች እንደሆኑ ይናገራል። ይህ ሊታለፍ የማይገባው ቃል ነው፤ ሥጋን ለብሰው የመጀመሪያዎቹ ሆነው የተገኙት በግም ርግብም አይደሉም፣ ሰው ከሁሉ የሚፈራቸው ናቸው። ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የሳሪስ አቦ ሰፈር በስማቸው የሚጠራላቸው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በሥዕሎቻቸው ሁሉ ከአንበሶችና ከነብሮች ጋር ይታያሉ፤ ገድላቸው ቁጥሩን 60 አንበሳና 60 ነብር ያደርገዋል። ገድል የአንድ ቅዱስ ሕይወትና ተጋድሎ የሚጻፍበት መጽሐፍ ነው። የኖሩበት የዝቋላ ተራራ ከአቃቂ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኝ ሲሆን፣ በመጋቢት 5 እና በጥቅምት 5 በዓላቸው የሚከበርበት ታላቅ የንግሥ ቦታ ነው። የደብረ ዳሞው አቡነ አረጋዊም ወደ ተራራው ራስ የወጡት በዘንዶ ተንጠልጥለው እንደሆነ ይተረካል፤ በአክሱም ትውፊት አርዌ የተባለው ዘንዶ ልጃገረዶች ይገበሩለት የነበረ ንጉሥ መሆኑን ለሚያስታውስ አንባቢ፣ ያው የሚፈራው ፍጥረት በሌላ ታሪክ የቅዱሱ መሰላል ሆኖ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሁሉ በላይ ከልጆቹ ፊልም ጋር ጎን ለጎን ሊቆም የሚገባው የቅዱስ መርቆሬዎስ አባት ታሪክ ነው። ስንክሳር፣ ማለትም በየዕለቱ የሚታሰቡትን ቅዱሳን ታሪክ የያዘው መጽሐፍ፣ በኅዳር 25 እንደሚተርከው፣ የመርቆሬዎስ አያትና አባት አውሬ አዳኞች ነበሩ። አንድ ቀን ለአደን በወጡ ጊዜ ሁለት ገጸ ከልባት፣ ማለትም ሰውነታቸው የሰው፣ ፊታቸው የውሻ የሆነ ፍጥረታት፣ አገኟቸው፤ አያቱንም በሉት። አባቱን ሊበሉ በተነሡ ጊዜ ግን የእግዚአብሔር መልአክ ከለከላቸው፣ ከእርሱ መልካም ፍሬ ይወጣል ብሎ፤ በዙሪያቸውም እሳት አደረገባቸው። በተጨነቁ ጊዜ ወደ ሰውዬው መጥተው ሰገዱለት፤ ባሕርያቸውም ወደ የዋህነት ተለወጠ፤ እርሱም አስከትሏቸው ወደ ከተማ ገባ። ከዚያ በኋላ መርቆሬዎስ ተወለደ፣ ሁለቱም ገጸ ከልባት በዚያ ቤት ኖሩ፤ በጦርነት ጊዜ ግን የቀድሞ ባሕርያቸው ይመለስላቸው ስለነበር የሚቋቋማቸው አልነበረም። በግብፅም በኢትዮጵያም ሠዓሊዎች እነዚህን ሁለት ፍጥረታት ከቅዱሱ ታሪክ ጋር ሥለዋቸዋል።

የዚህ ታሪክ ኃይል ያለው የማይሸሽገው ነገር ላይ ነው። ጭራቆቹ በስሕተት የተጠረጠሩ አይደሉም፤ ሰው በልተዋል፣ የተበላውም ስም የለሽ መንገደኛ ሳይሆን የቤቱ አባት ነው። ስለዚህ ያ ሰው ወደ ከተማ ሲገባ ያስከተላቸው የአባቱን በላተኞች ነው። ፍርሃቱ ካለማወቅ የመጣ ቢሆን ኖሮ ማወቅ በፈወሰው ነበር፤ እርሱ ግን በደንብ ያውቅ ነበር፣ በዓይኑ አይቷልና። እርቁን ሊያመጣ የሚችለው ከዕውቀት የሚበልጥ ነገር ነው፤ በሃይማኖት ቋንቋ ስሙ ምሕረት ነው፣ ማለትም በደሉን በደል ብሎ ጠርቶ በዳዩን ግን አለመጣል። የነገሩ ቅደም ተከተልም ሊጤን ይገባዋል። ከየዋህነቱ በፊት እሳቱ አለ፤ ጉዳቱ መጀመሪያ ተገታ፣ ቀጥሎ ልብ ተለወጠ፣ ከዚያ በኋላ አብሮ መኖር መጣ። ተበዳዩ በዳዩን እንዲያቅፍ የሚጠየቀው ጥርሱ ገና ሥጋው ላይ እያለ አይደለም፤ ምሕረትን ከመከላከል ጋር የሚያጣሉ ሰዎች ይህን የታሪኩን ክፍል ቢያነቡ መልካም ነው። የቀድሞው ባሕርይ በጦርነት ጊዜ መመለሱም ለስላሳ ስብከት የሚወድ ሰው የሚቀበለው አይመስልም፤ ጸሐፊው ግን ሳይሸሽግ ጻፈው። የተገራ ኃይል አልጠፋም፣ ጌታ አገኘ እንጂ።

ስለ እነዚሁ ባለ ውሻ ፊት ፍጥረታት የምዕራቡም ዓለም ሊቃውንት አስበዋል። ቅዱስ አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው ሥራው በ16ኛው መጽሐፍ፣ በምድር ዳርቻ ይኖራሉ ስለሚባሉ እንግዳ ፍጥረታት ሲመረምር፣ የውሻ ራስና ጩኸት ያላቸው ከሰው ይልቅ ለእንስሳ የቀረቡ እንደሚመስሉ ተናግሮ፣ ነገር ግን ማንም ይሁን ማን ሟችና አሳቢ ፍጥረት፣ ማለትም ሰው፣ ሆኖ ከተወለደ፣ መልኩ የቱንም ያህል ያልተለመደ ቢሆን ከአንዱ ከአዳም መውጣቱን አማኝ ሊጠራጠር አይገባም የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሷል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የኮርቢ ገዳም መነኩሴ ራትራምኑስ ይበልጥ ደፍሮ፣ ገጸ ከልባት በመንደር ተሰብስበው በሕግ የሚኖሩና ኀፍረታቸውን የሚሸፍኑ ከሆነ አእምሮ ያላቸው ናቸው ሲል ጽፏል። ሁለቱም የጠየቁት ስለ ዘራቸው ነው፤ ሰው ናቸው ወይስ እንስሳ? ስንክሳሩ በዚህ ላይ ጊዜ አያጠፋም፤ የሚያሳስበው ከየት እንደመጡ ሳይሆን ምን እንዳደረጉና ምን ሊሆኑ እንደሚችሉ ነው፤ ለሥነ ምግባርም የሚበጀው ይህኛው ጥያቄ ነው፤ ማንነቱ እስኪጣራ ድረስ የሚዘገይ ምሕረት ለማንም አይደርስምና።

ይኸው ሐሳብ ወደ ሰው ሲዞር በላዔ ሰብእን ያስታውሳል፤ ስሙም ሰው በላ ማለት ነው። በየካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚነገረው ታሪክ እንደሚለው፣ ቅምር በተባለች አገር የነበረው ይህ ሰው 78 ነፍስ የበላ ነበር፤ አንድ ቀን ግን በውሃ ጥም የተጨነቀ ለምጻም በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በሞተ ጊዜ ነፍሱ ስትመዘን፣ 78ቱ ነፍሳት በአንድ ወገን፣ ጥርኙ ውሃ በሌላ ወገን ሆኑ፤ በእመቤታችን ምልጃም ውሃው መዘነ። በዚህ ታሪክ ላይ ብዙ ክርክር ተነሥቷል፤ የፍትሕን ሚዛን ያቀላል፣ የተበሉትንም ይረሳል የሚሉ አሉ፤ ክርክሩም ከንቱ አይደለም፣ ለተበላው ሰው የሚቆም ማን ነው ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነውና። ቢሆንም ታሪኩ ቁጥሩን አልደበቀም። 78 የሚለው ቁጥር በሚዛኑ ላይ እንደተቀመጠ ይነበባል፤ ማንም አልሰረዘውም፣ ትንሽ ነውም አላለም። የሚለው ነገር ቢኖር እጅግ በከፋው ሰው ውስጥ እንኳ ለተጠማ ውሃ የሚዘረጋ እጅ ሊቀር እንደሚችልና ይህም ከንቱ ሆኖ እንደማይቆጠር ነው።

ቃሊቲ የሚለው ስም በብዙ ኢትዮጵያዊ ጆሮ ከፋብሪካው በፊት ማረሚያ ቤቱን ያስታውሳል። ለዓመታት ለእስረኛ ምግብ ተሸክመው በዚያ መንገድ የሄዱ እናቶችና ሚስቶች ጥያቄውን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል፤ አገር ጭራቅ ያለው ሰው ለእነርሱ ልጅ ነው፣ ባል ነው። ከእነዚያ እስረኞች መካከል ያለ በደሉ ጭራቅ የተባለ ይኖራል፣ በእውነት የበደለም ይኖራል። ለመጀመሪያው የሚያስፈልገው እውነቱን ማውጣት ነው፣ የፊልሙም ትምህርት ይበቃዋል። ለሁለተኛው ግን እውነቱ ሲወጣ ይበልጥ ያስፈራል እንጂ አያጽናናም፤ ለእርሱ የሚሆነው የገጸ ከልባት ታሪክ ነው፦ እሳቱም፣ የልብ መለወጡም፣ ከተቻለም ወደ ቤት መመለሱ። ልጅን ጭራቅ ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ ብቻ ያሳደገ ኅብረተሰብ፣ ልጁ አድጎ በእውነት የበደለ ሰው በገጠመው ጊዜ ሁለት መንገድ ብቻ ይተውለታል፤ ወይ በደሉን መካድ፣ ወይ ሰውየውን ለዘላለም መጣል።

ይህ ሁሉ ማለት ግን ክፋት የሚባል ነገር የለም ማለት አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ ከትጉሃን መላእክት ውድቀት ስለተወለዱት ረዓይት፣ ማለትም ግዙፋን፣ ሲናገር፣ የሰውን ድካም ሁሉ በልተው ሰውን ወደ መብላት እንደዞሩ፣ ከሞታቸውም በኋላ መንፈሳቸው ክፉ መንፈስ ሆኖ እንደቀረ ይገልጻል፤ ለእነርሱም የተጻፈ እርቅ የለም። በእስልምናም ቅዱስ ቁርኣን ስለ ጂን በሚናገረው 72ኛው ምዕራፍ፣ ከጂኖች መካከል መልካሞች እንዳሉ፣ እንዲሁ ያልሆኑም እንዳሉ ይገለጻል። ሁለቱም ትምህርቶች የሚስማሙበት፣ የማይታየውና የሚያስፈራው ዓለም በጅምላ እንደማይፈረድበት፣ በጅምላም እንደማይወደስ ነው።

ኢትዮጵያውያን ለልጆች መተረክን አያጡትም። አባባ ተስፋዬ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለረጅም ዘመን በቴሌቪዥን የእንስሳትን ተረት ተርከዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ደግሞ በአሻንጉሊት ቀጭኔ አማካይነት በአማርኛ ማስተማር እንደሚቻል አሳይቷል። የገጸ ከልባት ታሪክም ለአኒሜሽን የተሠራ ይመስላል፤ ሁለት አስፈሪ ፍጥረታት፣ አንድ ያዘነ ወጣት፣ የእሳት ቅጥር፣ ከዚያም አንድ ቤት። ይህን ታሪክ ለልጆች ፊልም ሊያደርጉ የሚነሡ የአገር ልጆች ቢኖሩ፣ ልጆቹ የሚስቁበትንና የሚወዱትን ነገር ሁሉ ያስገቡ፤ ውሻ ፊቶቹን ያስወድዱ፣ ያጫውቱ። የመርቆሬዎስን አያት መበላት ግን ልጅ ያስደነግጣል ብለው ቆርጠው እንዳያወጡት፤ በጥንቃቄ፣ ደም ሳያሳዩ፣ ነገር ግን በግልጽ ይተርኩት፤ ያ ክፍል ከወጣ የወጣቱ ምሕረት ምክንያቱን ያጣል።